ፓርላማው የዩኒቨርሲቲዎችን ሂሳብ ሲጠይቅ ስለ ድሃው ተማሪ ለምን አይጠይቅም?

ደብተር_ያዥ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው ታገሱኝ፣ ጉዳዩ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

የተወካዮች ምክር ቤት የመንግስት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ዩኒቨርሲቲዎችን እየጠራ በኦዲት ግኝት ላይ የሚያደርገውን ይፋዊ ስብሰባ ብዙዎቻችሁ በቲቪ አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ። ፕሬዝዳንቱ ምክትሎቹን፣ የፋይናንስና የግዥ ሃላፊዎቹን ይዞ ይቀመጣል፣ ከፌደራል ዋና ኦዲተር የመጡት ግኝቱን ያቀርባሉ፣ ከዛ የኮሚቴው አባላት መጠየቅ ይጀምራሉ። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ አመታት የቆየ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ያለ ውድድር የተፈፀመ ግዥ፣ መጠናቀቂያው አልፎ የቆመ ህንፃ፣ ንብረት ክፍል ገብቶ ያልተመዘገበ እቃ። ይሄ ሁሉ መጠየቁ ተገቢ ነው፣ እንዲቀንስ አልፈልግም፣ እንዲያውም ይጥበቅ።

ግን አንድ ጥያቄ ብዙም ሲጠየቅ አልሰማም። ይሄ ብር ማንን አስገባ? ገብቶስ ማንን አስጨረሰ?

የበጀት አዋጁን አባሪ አውጥታችሁ እዩት። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በስሙ አለ፣ መደበኛና ካፒታል ተብሎ፣ ከስር ደግሞ በፕሮግራም፣ ስራ አመራርና አስተዳደር፣ መማር ማስተማር፣ ምርምር፣ የማህበረሰብ አገልግሎት። ከገጠር ቀበሌ የመጣችው ልጅ፣ ማየት የተሳነው ተማሪ፣ ሪሚዲያል (የማለፊያ ነጥብ ላልሞላላቸው የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) የገባው ልጅ የት ላይ ናቸው? መማር ማስተማር በሚለው ውስጥ ተጠቅልለው ነው ያሉት። ስለዚህ ብሩ ለነሱ መድረሱን ማንም ነጥሎ ሊያሳይህ አይችልም፣ ኮሚቴውም የሚጠይቅበት ቁጥር የለውም።

እና ይሄ የሚሆነው መቼ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በሆኑበት ዘመን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የተገነቡት ለብዙ እጥፍ ተማሪ ነው። የፌደራሉ በጀት ደግሞ በ2016 801.65 ቢሊዮን የነበረው በ2017 971.2 ቢሊዮን ሆኖ ፀደቀ፣ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ገባ። የብር ዋጋ መውረዱ እንዳለ ሆኖ፣ ተማሪ በቀነሰበት ግቢ በጀቱ በምን ተሰላ? በጭንቅላት ነው? በህንፃ ነው? ባለፈው አመት ላይ ጨምሮ ነው? ህገ መንግስቱ አንቀፅ 41 መንግስት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሃብት ይመድባል ይላል፣ ጥሩ፣ የተመደበው ተማሪው ጋ መድረሱን የሚጠይቅ ግን ያስፈልጋል። እኔ ያንን እንዲጠይቅ የመረጥኩት ምክር ቤቱን ነው።

ምን ትላላችሁ?

---

የሂሳብ_ሰው

ወንድሜ ጥሩ አድርገህ አነሳኸው። በኦዲት ስራ ላይ ስለቆየሁ ለምን እንደማይጠየቅ ልንገርህ።

ኦዲተር ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ በእጁ የሚይዘው የፋይናንስ አስተዳደር አዋጁን፣ የግዥና ንብረት አዋጁን (በ2016 አዲስ ወጥቷል፣ 1333) እና መመሪያዎቹን ነው። ስራው ወጪው ህጉን ተከትሏል ወይ፣ ማስረጃ አለው ወይ፣ ሂሳቡ እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል ወይ ነው። በዛ ላይ አስተያየት ይሰጣል፣ ነቀፌታ የሌለበት ይሆናል፣ ነቀፌታ ያለበት ይሆናል፣ ሲብስ ተቀባይነት የሌለው ወይም አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለ ይሆናል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለምግብ የተመደበውን ብር በሙሉ በትክክለኛ ጨረታ ገዝቶ፣ በትክክለኛ ሰነድ ከፍሎ፣ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሊያገኝ ይችላል፣ በዛው አመት ድሃ ተማሪዎቹ አቋርጠው ወደ ቤታቸው ቢሄዱም። ሂሳቡ ንፁህ ነው። ያንተን ጥያቄ የሚመልሰው የክዋኔ ኦዲት ነው፣ ብሩ የታለመለትን ውጤት አምጥቷል ወይ የሚለው። ዋና ኦዲተር ይሄን የማድረግ ስልጣን በማቋቋሚያ አዋጁ (982/2008) አለው፣ በዩኒቨርሲቲዎችም ላይ ይሰራል፣ ግን የክዋኔ ኦዲት ጊዜና ሰው ይፈልጋል፣ በየአመቱ ሁሉንም አትደርስበትም።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። በጀት አመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሂሳብ ይዘጋጃል፣ ኦዲት ይደረጋል፣ ሪፖርቱ ለምክር ቤት ይቀርባል፣ ከዛ ተመርጠው ለይፋዊ ስብሰባ ይጠራሉ። እዛ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ፕሬዝዳንቱ ተቀይሯል፣ የፋይናንስ ሃላፊው ሌላ ቦታ ነው፣ የሚሰማው መልስ "እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ የማሻሻያ እርምጃ መርሃ ግብር አዘጋጅተናል" ነው። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ጊዜ በየአመቱ ምክር ቤት ፊት ቆመው በግኝቶቹ ላይ እርምጃ አይወሰድም እያሉ ሲናገሩ የሰማ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል።

---

ካፌ_ተመጋቢ

እኔ አሁን ተማሪ ነኝ፣ የግቢውን ስም አልጠራም።

ስለ ምግብ ላውራ ምክንያቱም ለድሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መቆየትና አለመቆየት እዛ ጋ ነው የሚወሰነው። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፣ ከዛ 22 ሆነ፣ በ2017 100 ብር ገባ። 100 ብር ማለት ቁርስ ምሳ እራት አንድ ላይ ነው። በ22 ብር ዘመን የነበሩት ሲኒየሮቻችን የሚነግሩን ነገር ያስለቅሳል፣ ስለዚህ መጨመሩን እኔ በጣም ነው ያመሰገንኩት፣ ለውጡም በሳህኑ ላይ ታይቷል።

ግን እዩ። ነን ካፌ (ከግቢው ካፌ የማይበላው) የሆነው ልጅ ብሩን በእጁ ይወስዳል፣ ካፌ የሆነው ካርድ ይዞ ይገባል። ቤተሰቡ ከተማው ውስጥ ሆኖ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚበላ አለ፣ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ የሄደ አለ፣ ታሞ ሀገሩ የገባ አለ። ለምግብ የሚወጣው ብር በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ነው ወይስ በሚበላው? ለ10,000 ተማሪ በ10 ወር ብታሰሉት እኮ 300 ሚሊዮን ብር ነው። በ22 ብር ጊዜ ያው ስሌት 66 ሚሊዮን ነበር። ብሩ ይሄን ያህል ሲያድግ የሚቆጥረው ሰውና መንገዱ አብሮ ማደግ አለበት። እኛ ግቢ የካፌ ኮሚቴ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች እንጀራ ሲገባ ቆመው ይቆጥራሉ፣ የክፍያ ሰነዱን ግን አያዩም። እነሱን ፓርላማ ቢጠራቸው ብዙ ነገር ይናገራሉ።

---

ከመንዝ_እስከ_ጂንካ

ይቅርታ ግን እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የደረሰው ልጅ እኮ ቀድሞ እድለኛ ነው። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በአንድ አመት ከ1,300 በላይ ነበሩ። እዛ ያለው ልጅ ላብራቶሪ ሳያይ፣ የፊዚክስ መምህር ሳይኖረው ነው ለፈተና የተቀመጠው። እናንተ የካፌ ብር በትክክል ተቆጠረ አልተቆጠረ ትላላችሁ። እኔ ምለው ፓርላማው የዩኒቨርሲቲውን በጀት ቀንሶ ለሁለተኛ ደረጃ ይስጥ። የእድል እኩልነት የሚጀመረው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ከዛም በፊት ነው።

---

ደብተር_ያዥ

@ከመንዝ_እስከ_ጂንካ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ያልከው እውነት ነው፣ አንድ ቃል አልቃወምህም። ግን አንድ ነገር አስተውል፣ ሁለተኛ ደረጃ በክልል በጀት ነው የሚተዳደረው፣ ዩኒቨርሲቲው በፌደራል። ፓርላማው ከዩኒቨርሲቲ ቀንሶ በቀጥታ ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት መስጠት አይችልም፣ ለክልሎች በሚሰጠው ድጎማ በኩል ይሄዳል እንጂ፣ ክልሉ ደግሞ በራሱ ምክር ቤት ነው የሚያውለውን የሚወስነው። ስለዚህ "ተቀንሶ ይሄዳል" ሲባል የት እንደሚደርስ የሚከታተለው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ከሁለቱም ሊጠፋ ይችላል።

ደሞ የሚቀነሰውን ለማወቅም እኮ ያው የኔ ጥያቄ መመለስ አለበት። አንድ ተማሪ በአመት ስንት እንደሚፈጅ ሳይታወቅ የትኛው ትርፍ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

---

የፍሬሽ_መምህር

ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ፣ ሪሚዲያል ላይም አስተምሬያለሁ።

@ከመንዝ_እስከ_ጂንካ ያልከው ልጅ እኮ ነው ሪሚዲያል ላይ የምናገኘው። 50 በመቶ ያልሞላለት፣ ግን በመቁረጫ ነጥቡ የገባ፣ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልል ልጆች ነጥቡ ዝቅ ተደርጎ ማለት ነው። ወራት ይማራል፣ ከዛ 30 በመቶ ከኛ፣ 70 በመቶ በማእከል ከሚሰጥ ፈተና ተደምሮ ካለፈ ፍሬሽማን ይሆናል። ከነዚህ ልጆች ጋር የሰራ ሰው ያውቃል፣ ብዙዎቹ ጭንቅላት አላነሳቸውም፣ ያጡት መፅሃፍና አስተማሪ ነው። አንዳንዷ ልጅ በህይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮስኮፕ የነካችው እኛ ጋ ነው፣ በወሩ መጨረሻ ከፊት ተቀምጣ ትጠይቅሃለች።

እና ፓርላማው ሊጠይቅ የሚገባው ይሄን ነው፡ ሪሚዲያል ላይ የወጣው ብር ስንቱን አሳለፈ፣ ያለፉት ሁለተኛ አመት ደረሱ ወይ፣ ከ2015 ጀምሮ በመጣው የመውጫ ፈተናስ ምን አመጡ። ሬጅስትራር ጋ ዳታው በሙሉ አለ። ስም፣ ፆታ፣ የመጣበት ክልል፣ ትምህርት ቤት፣ ውጤት፣ ያቋረጠበት ሴሚስተር። ፋይናንስ ጋ ደግሞ ብሩ አለ። ሁለቱ ቢሮ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ሰነዳቸው ተገናኝቶ አያውቅም። የሚያገናኛቸው ሰው ካልጠየቀ በቀር አይገናኙም፣ ከላይ ሆኖ የመጠየቅ ስልጣን ያለው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው።

---

ቴምፖ_ብቻ

ስለ ኮስት ሼሪንግ ማንም አላነሳም?? ወጪ መጋራት በ1996 ሲጀመር በደንብ ቁጥር 91 የተቀመጠው ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ነው፣ ተመርቆ ስራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ። መምህርነት የገባ በአገልግሎት ይከፍላል። ሌሎቻችን ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዘን እንወጣለን፣ ኦሪጂናል ዲግሪ ለማውጣት ክሊራንስ፣ የገቢዎች ደብዳቤ ምናምን።

አሁን ጥያቄዬ። ምግብ ሙሉ በሙሉ የተማሪው እዳ ከሆነ ከ22 ወደ 100 የገባው ብር ውሉ ላይ ይገባል ወይስ መንግስት ይሸፍነዋል? በቀን 100 በ10 ወር 30,000 ነው፣ በአራት አመት 120,000 ብር የምግብ ብቻ። ስራ ላጣ ተመራቂ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መኝታና ትምህርቱን ሳንጨምር ማለት ነው። እና በሌላ በኩል ከ1996 ጀምሮ ከተመረቁት የተሰበሰበው ብር የት ገባ፣ ወደ ተማሪ ተመለሰ ወይስ ወደ ማእከላዊ ግምጃ ቤት ገብቶ ቀረ? ኦዲተር ዩኒቨርሲቲ ላይ ተሰብሳቢ ሂሳብ እያለ ይጠይቃል፣ ትልቁ ተሰብሳቢ ግን እኛ ነን እኮ፣ በመቶ ሺዎች የምንቆጠር ምሩቃን።

---

የሂሳብ_ሰው

@ቴምፖ_ብቻ ይሄ ጥያቄ ከዚህ ክር ሁሉ ጠንካራው ነው። ውል የሚያስፈርመው ዩኒቨርሲቲው፣ ቆርጦ የሚያስገባው አሰሪው፣ የሚሰበስበው ገቢዎች፣ ደንቡን የሚከታተለው ትምህርት ሚኒስቴር። አራት ቦታ የተከፋፈለ ነገር በአንድ መስሪያ ቤት ኦዲት አይታይም። ለብቻው የክዋኔ ኦዲት የሚገባው ጉዳይ ነው።

---

ሉሲ_በለንደን

ሰላም ከለንደን። እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ፣ እንቅዳው ለማለት ሳይሆን ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ ለማሳየት ነው።

እዚህ እንግሊዝ በ2004 (እ.ኤ.አ) በወጣ ህግ ከመሰረታዊው ክፍያ በላይ ማስከፈል የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ከድሃ ቤተሰብ የሚመጡ ልጆችን እንዴት እንደሚያስገባ እቅድ ፅፎ ለተቆጣጣሪ ማፀደቅ ግዴታ ሆነበት። በ2012 ክፍያው እስከ 9,000 ፓውንድ ሲፈቀድ ይሄ ከባድ ሆነ፣ ከ2018 ጀምሮ ደሞ ኦፊስ ፎር ስቱደንትስ የሚባለው መስሪያ ቤት ነው የሚቆጣጠረው። የሚገርመው ነገር መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ብዙውን ብር ለቦርሳሪ (ለድሃ ተማሪ ለሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ያወጡ ነበር፣ በ2010 የተቆጣጣሪው የራሱ ጥናት ቦርሳሪው ልጆቹ በሚመርጡት ዩኒቨርሲቲ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። ብሩ በትክክል ወጥቷል፣ ሰነዱ ሙሉ ነው፣ ግን የተፈለገውን አላመጣም። የሂሳብ_ሰው ያለው ማለት ይሄው ነው።

ሌላው፣ እዚህ የፓርላማው የሂሳብ ኮሚቴ ሰብሳቢ በልማድ ከተቃዋሚ ፓርቲ ነው። እኛም በ2014 (በኛ አቆጣጠር) ከተቃዋሚ ፓርቲ የሆኑት አቶ ክርስቲያን ታደለ የወጪ ቁጥጥሩን ኮሚቴ ሲሰበስቡ ታይቶ ነበር፣ እኔ ያ ልምድ ህግ ሆኖ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። ባለስልጣኑን የሾመው ፓርቲ ራሱ ሲጠይቀውና ሌላ ሲጠይቀው ጥያቄው አንድ አይነት አይሆንም።

---

ናይሮቢ_ነዋሪ

ከጎረቤት ደግሞ ኬንያን እዩ። በ2023 (እ.ኤ.አ) ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ መስጠቱን ትተው ተማሪውን በቤተሰቡ አቅም በባንድ (በደረጃ) ከፋፍለው ስኮላርሺፕና ብድር አደረጉት። ሀሳቡ ጥሩ ይመስል ነበር፣ ግን ማን ድሃ ነው የሚለውን የሚወስነው ፎርም ብዙ ልጆችን በማይመጥናቸው ባንድ ጣላቸው፣ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፣ ታህሳስ 2024 ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ህገ መንግስቱን ይጥሳል አለ። ስለዚህ ብር ተማሪን ተከትሎ ይሂድ ስትሉ የተማሪውን አቅም በምን ታውቃላችሁ የሚለውን አብራችሁ አስቡ። እኛ ሀገር የገበሬውን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ከየት ይመጣል? የቀበሌ ደብዳቤ ከሆነ ደብዳቤውን ማን እንደሚያገኝ እናውቃለን።

---

የአራት_ልጆች_እናት

ልጆቼ እኔም ልናገር። ሁለተኛዋ ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ትምህርቱም ምግቡም በመንግስት ነው ተባልን፣ እሰይ። ግን መንገዱ ሁለት ቀን ነው፣ አውቶቡስ፣ ማደሪያ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ለኮፒና ለፕሪንት፣ ስልክ። ስልክ ከሌላት ትምህርቱ በቴሌግራም ነው የሚላከው። አንድ በሬ ሸጠን ነው የላክናት። ጎረቤቴ ያለችው ልጅ ደግሞ እኩል ነጥብ አምጥታ እናቷ የምትሸጠው ስለሌላት ቀረች፣ አሁን አረብ ሀገር ለመሄድ ፓስፖርት እያወጣች ነው። እንግዲህ ይቺ ልጅ በየትኛው ሂሳብ ላይ ነው የምትታየው? ተመድባ ያልመጣችውን የሚጠይቅ አለ ወይ?

---

ካፌ_ተመጋቢ

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ያሉት ነገር ልቤን ነው የነካው። እኛ ዶርም ውስጥም ተመድባ ያልመጣች ልጅ አልጋ ባዶውን ነው ያለው።

---

የፍሬሽ_መምህር

እትዬ ያነሱት በትክክል ሬጅስትራር ጋ አለ። ተመድቦ ሪፖርት ያላደረገ ተማሪ ስም ዝርዝር በየአመቱ ይወጣል። ለምን እንዳልመጣ ግን ደውሎ የሚጠይቅ የለም። በጀቱ የሚያዘው ተመድቦ ለነበረው ቁጥር ከሆነ የሷ ብር ግቢው ውስጥ አለ ማለት ነው። ያ ብር ለትራንስፖርት ቢላክላት ትመጣ ነበር።

---

ከመንዝ_እስከ_ጂንካ

እናታችን ያሉት እኔንም አሳምኖኛል፣ ደጃፍ የደረሰ ሁሉ እድለኛ አይደለም። የትምህርት ቤቱን ነገር ግን አልተውም፣ ሁለቱም ይጠየቅ።

ሌላ ደግሞ ራስ ገዝ የሚባለው ሲሰፋ ምን ሊሆን ነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ 1294 ራስ ገዝ ሆኗል፣ በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል፣ የሚከፍሉ ተማሪዎችም አሉት። ሌሎችም በዛው መንገድ ናቸው። ያኔ ፓርላማው "የራሳችን ገቢ ነው" ሲባል ዝም ይላል? መንግስት በድጎማ የሚሰጠው ብር ካለበት ስንት ድሃ ተማሪ በነፃ ተቀበላችሁ ብሎ መጠየቅ ያለበት ያኔ ይበልጥ ነው።

---

የሂሳብ_ሰው

እሺ ወደ ስራ እንግባ። የበጀት ረቂቁ ሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ምክር ቤት ይገባል፣ ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ባለድርሻዎችን ጠርቶ ያወያያል፣ ሰኔ ሳያልቅ ይፀድቃል። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ ጥያቄ የሚላከው ከዛ በፊት ነው፣ ለሶስት ቦታ፡ ለወጪ ቁጥጥሩ ኮሚቴ፣ ለበጀቱ ኮሚቴ፣ ለሰው ሀብት ልማት ኮሚቴ። ለመረጣችሁት ተወካይም ላኩ፣ ተወካዮች በእረፍት ጊዜ ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲወርዱ የመራጭ ጥያቄ ይሰበስባሉ፣ መንገድና ውሃ ብቻ ነው የሚነሳላቸው፣ ይሄንን አንሱላቸው።

አጭር ይሁን። ስሜት ሳይሆን ቁጥር ጠይቁ። ኮሚቴው "ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ፎርም ሪፖርት ያምጡ" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ አንዴ ፎርሙ ከገባ በሚቀጥለው አመት ኦዲተሩም ያንን ይዞ ይሄዳል።

---

ደብተር_ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከተባለው ሰብስቤ ይሄን አረቀቅኩ፣ አርሙት፡

"ለተከበረው ቋሚ ኮሚቴ። እያንዳንዱ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ከአመታዊ ሂሳቡ ጋር የተመደቡለትን፣ ሪፖርት ያደረጉትን፣ ያቋረጡትንና የተመረቁትን ተማሪዎች በፆታ፣ በመጡበት ክልልና በአካል ጉዳት ለይቶ፣ ሪሚዲያል ተማሪዎችን ለብቻ አድርጎ፣ ለአንድ ተማሪ ከወጣው ወጪ ጋር እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። ተመድበው ያልመጡ ተማሪዎች በጀት ለምን እንደዋለ እንዲገለፅ እንጠይቃለን። ከወጪ መጋራት እስካሁን የተሰበሰበው ገንዘብ መጠንና የገባበት ቦታ፣ እንዲሁም የጨመረው የምግብ ተመን በተማሪው ውል ላይ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑ ለህዝብ ይፋ እንዲሆን እንጠይቃለን።"

---

ቴምፖ_ብቻ

እኔ ፈርሜያለሁ። ከወጪ መጋራቱ ላይ "ከ1996 ጀምሮ በየአመቱ" የሚል ጨምርበት፣ አለበለዚያ የአንድ አመት ቁጥር ሰጥተው ነው የሚያልፉት።

---

ካፌ_ተመጋቢ

የካፌውንም ጨምር፣ በካርድ የበላው ተማሪ ቁጥርና በክፍያ ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ጎን ለጎን ይቅረብ በለው። በወር በወር ይሁን፣ የአመቱ ድምር ክረምቱንና እረፍቱን ይደብቃል።

---

ደብተር_ያዥ

ሁለቱም ገብቷል። እሁድ ማታ ድረስ አርሙ፣ ሰኞ ጠዋት ለሶስቱም ኮሚቴ በደብዳቤም በኢሜይልም እልካለሁ፣ ማህተም ያለበትን የገቢ ደብዳቤ ቁጥር እዚሁ እለጥፋለሁ።